«አምኗል»

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 1955፣ አሜሪካ፣ ነብራስካ ግዛት፣ ሊንከን ከተማ። ዳረል ፓርከር የተባለ ወጣት ከማያውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፓርከር በከተማው አስተዳደር የዛፎች ኃላፊ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ለምሳ ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ተገድላ አግኝቷታል። ቀብሯን አዮዋ ሄዶ ፈጽሟል። ለምርመራው ትጠቅመናለህና ና ሲባል የመጣውም ገዳይዋ እንዲያዝ ስለፈለገ ነው።

ፊት ለፊቱ ያለው ጆን ሪድ ይባላል። ቺካጎ ውስጥ ፖሊስ የነበረ፣ ኋላ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ስሙ የተጠራ፣ ለዚሁ ጉዳይ ከሩቅ የተጋበዘ ባለሙያ ነው። አልጮኸበትም። በጥፊም አልመታውም። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያናገረው፤ ፓርከር በኋላ እንደመሰከረው ፀጉሩን እየደባበሰ። መሣሪያው ውሸታም እንዳለው ነገረው። ትዳራችሁ ሰላም አልነበረውም እያለ ታሪክ ሠራለት። ፓርከር «እኔ አይደለሁም» ሊል ሲል ያቋርጠዋል፤ ዝም ሲል ታሪኩን ካቆመበት ይቀጥላል። ለዘጠኝ ሰዓታት ያህል እንዲህ ቆዩ። በመጨረሻ ፓርከር አመነ።

በማግስቱ ያንን ቃል አነሳ። ያላደረግሁትን ነው የተናገርኩት አለ። ከዚያ በኋላ ግን የሚሰማው አልነበረም።

«አመነ» የምትለዋ ቃል በአማርኛ እንደ አንድምታ ትርጓሜ ሁለት መንገድ አላት። አንድም ጥፋቱን በአፉ ተቀበለ ማለት ነው፤ አንድም ልቡ እውነት ነው ብሎ ያዘ ማለት ነው። ፍርድ ቤት ተከሳሹ ለክሱ የሚሰጠው መልስ «የእምነት ክህደት ቃል» ይባላል። ያላደረገ ሰው ያለው መንገድ እንግዲህ መካድ ነው፤ ከሃዲ ደግሞ በቤተ ክርስቲያንም፣ በጎረቤትም፣ በጦር ሜዳም የተጠላ ስም ነው። ንጹሑ ገና አፉን ሳይከፍት ቋንቋው ከእሱ ጋር አልወገነም። የፖሊስ ዜና «ተጠርጣሪው ድርጊቱን መፈጸሙን አምኗል» ሲል አንባቢ ጋዜጣውን ያጥፋል፣ አድማጭ ሬዲዮኑን ይዘጋል። ጉዳዩ አልቋል። የምርመራ ሙያ ታሪክ በአብዛኛው እነዚህ ሁለት ማመኖች፣ የአፉና የልቡ፣ እንዴት እንደተለያዩና አንዳንዴም እንዴት አስፈሪ በሆነ መንገድ እንደተገናኙ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩ የሚጀምረው ከቤተ ክህነት ነው። እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ማስረጃ ሲጠፋ ተጠርጣሪው የጋለ ብረት ይጨብጥ ወይም ውሃ ውስጥ ይጣል ነበር፤ ፍርዱ የእግዚአብሔር ነው ተብሎ። በ1215 ሮም ላይ የተሰበሰበው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ካህናት እንዲህ ያለውን ፈተና እንዳይባርኩ ከለከለ። ያው ጉባኤ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ለካህን ኃጢአቱን እንዲናዘዝ አዘዘ። ብረቱ ሲቀር ኑዛዜው ቦታውን ወሰደ። ዳኞችም የተከሳሽን የእምነት ቃል የማስረጃ ሁሉ ንግሥት አደረጉት፤ ንግሥቲቱ አልመጣ ስትል የሚያስመጣት የማሰቃያ መሣሪያ ሆነ።

ያን ጊዜም እውነቱ የገባው ሰው አልጠፋም። ፍሪድሪክ ሽፔ ጀርመናዊ የኢየሱሳውያን ካህን ነበር፤ በጠንቋይነት ሞት የተፈረደባቸውን ያናዝዝ ነበር። በ1631 ስሙን ደብቆ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጠንቋይ የሚያደርጋቸው ሥቃዩ ነው፤ እኔም ሆንኩ ዳኞቹ በዚያ ብናልፍ ጠንቋይ ነን ብለን እናምን ነበር ሲል ተከራከረ። ስድሳ ዓመት ቆይቶ በ1692 በአሜሪካ ሳሌም ላይ ሌላ ነገር ታየ። እዚያ ጠንቋይ ነኝ ብለው ያመኑ 50 ያህል ሰዎች ነበሩ። የተሰቀሉት 19 ሰዎች ግን ያላመኑት፣ ወይም አምነው መልሰው የካዱት ናቸው። ማመን ነፍስ ያድን ነበር። ሐሰት ተናግሮ መኖር ወይስ እውነት ይዞ መሞት የሚል ምርጫ ሲቀርብለት ብዙው ሰው የትኛውን እንደሚይዝ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መታወቅ ነበረበት።

በኢትዮጵያ የቀድሞው ወግ ሌላ ነበር፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለአንድ ሰው ሳይሆን ለአገር ነው። ከብት ተነድቶ፣ ጎተራ ተቃጥሎ፣ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ሲጠፋ ሹሙ አውጫጭኝ ያስነግራል፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። የአካባቢው ወንድ ሁሉ በተቀጠረው ቀን ሜዳ ላይ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪወጣ መበተን የለም። ሞፈሩ ይቀመጣል፣ ከብቱ በልጅ እጅ ይውላል፣ ሰው እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። የጠቋሚው ማንነት አይገለጽም፤ የነገረችው «ወፍ» ናት። አድራጊው ካልታወቀ ካሣውን አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል።

ሌላው ሌባ ሻይ ነው። «ሻይ» የሚጠጣው አይደለም፤ «ሻ» ካለው ግስ የመጣ፣ ፈላጊ ማለት ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ በታሰረው መቀነት ወይም ገመድ አንድ ሰው ይይዘዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይሮጣል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገሩን የጎበኙ የውጭ ሰዎች በመገረም ጽፈውለታል፤ የእነሱም አያቶች የጋለ ብረት ያስጨብጡ እንደነበር ግን ብዙም አላነሱም።

አውጫጭኝ የሚለውን ቃል ልብ ማለት ይገባል። ሥሩ «ወጣ» ነው። ዛሬ መርማሪ ተጠርጣሪን «አወጣጣው» ሲባልም ሥሩ ያው ነው። ሁለቱም ቃላት አንድ ነገር አስቀድመው ይወስናሉ፤ እውነቱ ውስጥ አለ፣ የቀረው ማውጣት ነው። ሰውየው ውስጥ ምንም ከሌለስ? ያኔ ከውስጡ የሚወጣው ሌላ ሰው ያስገባው ነው።

ይህን ከሁሉ ቀድመው በሳይንስ ቋንቋ ከተናገሩት አንዱ በሃርቫርድ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር የነበረው ጀርመን ተወላጁ ሁጎ ሙንስተርበርግ ነው። በ1906 ቺካጎ ውስጥ አንድ ወጣት ሴት ገደለ ተብሎ ተያዘ፤ አመነም። ቃሉ ሲደጋገም ይለዋወጣል፤ የት እንደዋለ የሚመሰክሩለት ሰዎችም ነበሩ። ወጣቱ በኋላ ያንን ቃል መስጠቱን እንደማያስታውስ ተናገረ። ሙንስተርበርግም ባልደረባው ዊልያም ጄምስም ይህ ሰው ንጹሕ ነው አሉ። የቺካጎ ጋዜጦች በፕሮፌሰሮቹ ተሳለቁባቸው፤ ወጣቱ በዚያው ዓመት በጁን ተሰቀለ። ሙንስተርበርግ በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ ለሐሰተኛ የእምነት ቃል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጠው። የሰማው ጥቂት ነው።

ፖሊስ በዚያ ዘመን ዱላ ላይ ነበር። አሜሪካኖች «ሦስተኛው ዲግሪ» ይሉታል። ፕሬዝዳንት ሁቨር ያቋቋሙት፣ በቀድሞው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በጆርጅ ዊከርሻም የተመራው ኮሚሽን በ1931 ባወጣው ሪፖርት ዝርዝሩን አፈረጠው፦ ቆዳ ላይ ምልክት የማይተው የጎማ ቱቦ፣ ዓይን ላይ የሚደገን ኃይለኛ መብራት፣ እንቅልፍ መንሣት፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ መጠየቅ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በሚሲሲፒ ሦስት ጥቁር ገበሬዎች አንድ ነጭ ገደሉ ተብለው ተያዙ። አንዱን ዛፍ ላይ አንጠልጥለው አወረዱት፤ ሁሉንም ዘለበት ባለው የቆዳ ቀበቶ ገረፏቸው። ግርፋቱ የሚቆመው «አደረግን» ሲሉ አልነበረም፤ ቃላቸው ገራፊዎቹ በፈለጉት ዝርዝር ሁሉ ሲስተካከል ነበር። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ የገመዱ ሰንበር በአንዱ አንገት ላይ ይታይ ነበር፤ ምክትል ሸሪፉም ግርፋቱን አልካደም። እንዲያም ሆኖ ሞት ተፈረደባቸው። በ1936 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሻረው፤ በዱላ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም አለ።

ዱላው ሲከለከል የፖሊስ ፍላጎት አልተከለከለም። ሪድ ወደ መድረኩ የወጣው በዚህ ክፍተት ነው። በ1947 የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1962 ከሕግ ፕሮፌሰሩ ከፍሬድ ኢንባው ጋር የጻፈው መማሪያ ለአሜሪካ መርማሪ እንደ ዳዊት ሆነ። መጽሐፉ ከክፍሉ ይጀምራል። ክፍሉ ትንሽ ይሁን፤ ግድግዳው ላይ ሥዕል አይሰቀል፤ ተጠርጣሪው በጣቱ የሚያፍተለትለው የወረቀት መያዣ እንኳ በአጠገቡ አይኑር። ጭንቀቱን የሚያስተነፍስበት ነገር ሁሉ ይነሣ። መርማሪው ይጠጋ።

ከዚያ ሁለት ሥራ አለ፤ ማክበድና ማቅለል። ማስረጃውን ማክበድ፦ አሻራህ ተገኝቷል፣ ጓደኛህ ተናግሯል፣ መሣሪያው ዋሽተሃል ብሏል፤ መካድ አያዋጣህም። ጥፋቱን ማቅለል፦ አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፤ እሷ ናት ያናደደችህ፤ ማንም ሰው በአንተ ቦታ ቢሆን ያደርገው ነበር። አንዱ በር ይዘጋል፣ ሌላው ገርበብ ይላል። በተከፈተው በር የሚታየው ከዚያ ክፍል መውጫ ነው፤ ከበስተጀርባው እስር ቤት እንዳለ ለደከመ ሰው አይታየውም። የሪድ ድምፅ የንስሐ አባት ድምፅ የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም። ንስሐ አባት ግን ከኑዛዜው በኋላ ይፈታል። መርማሪው ቃሉን በጽሑፍ ይቀበላል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 በሚራንዳ ጉዳይ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት ለተጠርጣሪ እንዲነገር ሲያዝ፣ ችግሩን ለማሳየት ከጠቀሳቸው ጽሑፎች አንዱ ይኸው መማሪያ ነበር። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1969 ግን ያው ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ ለተጠርጣሪው ዘመድህ ተናዟል ብሎ መዋሸቱ ብቻውን ቃሉን አያበላሸውም አለ። ያ ፍርድ ዛሬም የአሜሪካን የምርመራ ክፍሎች ይገዛል።

የዘዴው መሠረት ግን አንድ ሌላ እምነት ነው፤ የመርማሪው። ሪድ ውሸታም በአቀማመጡ፣ በዓይኑ፣ በእጁ ይታወቃል ብሎ ያስተምር ነበር። ንጹሕ ሰው አይመረመርም፤ ምርመራው የሚጀምረው ጥፋተኛነቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ሲፈትኑት የተለያዩ ጥናቶች ተደምረው የሰው ልጅ ውሸትን ከእውነት የመለየት ችሎታው ከመቶ 54 ገደማ ሆነ፤ ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይሻልም። በ1999 ሶል ካሲንና ክርስቲና ፎንግ የተባሉ ሥነ ልቦና አጥኚዎች ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በሪድ ዘዴ አሠለጠኑ። የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ይበልጥ ተሳሳቱ። በፍርዳቸው ላይ ያላቸው መተማመን ግን ከፍ አለ።

ካሲን ከዚያ በፊት በ1996 ከካትሪን ኪሸል ጋር የሠራው ሙከራ የበለጠ ያስደነግጣል። ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ ይጽፋሉ። አንድ ቁልፍ እንዳይነኩ ተነግሯቸዋል፤ ከተነካ ማሽኑ ይበላሻል። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ድንገት ይጠፋል። ነካህ፣ ነካሽ ተብለው ይከሰሳሉ። ማንም አልነካም። ከ75ቱ 69 በመቶ የሚሆኑት ነክቻለሁ በሚል ወረቀት ላይ ፈረሙ። በፍጥነት እንዲጽፉ ከተደረጉትና «አይቻለሁ» የሚል የሐሰት ምስክር ከመጣባቸው መካከል ያልፈረመ የለም። ከሁሉም 28 በመቶዎቹ ደግሞ ከክፍሉ ወጥተው ለሌላ ሰው ሲያወሩ ነካሁት ብለው ተናገሩ። በአፋቸው ብቻ አልነበረም፤ በልባቸውም አመኑ።

የኮምፒውተር ቁልፍ ነፍስ መግደል አይደለም የሚል ይኖራል። መልሱ ያለው አይስላንድ ነው።

በ1974 በዚያች ትንሽ ደሴት ሁለት ሰዎች በአሥር ወር ልዩነት ጠፉ። አንዱ ወጣት በክረምት ሌሊት ከጭፈራ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ሌላው ጎልማሳ ስልክ ተደውሎለት ከቤቱ ወጥቶ። አይተዋወቁም። አስከሬን አልተገኘም፤ ደም፣ መሣሪያ፣ ምስክር የለም። በ1975 መጨረሻ አንዲት ሕፃን ልጅ ያላት የ20 ዓመት ሴትና ጓደኛዋ በሌላ ጉዳይ ተያዙ፤ ጥያቄው ግን ወደ ጠፉት ሰዎች ዞረ። ከዚያ አንዱ የሌላውን ስም እየጠራ አምስት ወንዶችና እሷ፣ ስድስት ሰዎች ገቡበት። ለብቻቸው ተዘግተው ቆዩ፤ አንዱ ከ600 ቀን በላይ። በመድኃኒት፣ በእንቅልፍ እጦት፣ በማያባራ ጥያቄ መሐል አስከሬኑን የት ጣላችሁት ተብለው ወደ እሳተ ገሞራው ሜዳ ይወሰዱ ነበር። ቦታ ያሳያሉ፤ ይቆፈራል፤ የለም። ሌላ ቦታ ያሳያሉ።

ከመካከላቸው አንዱ በእስር ቤት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። መጀመሪያ አላደረግሁም የሚል ሰው ነው። ቀኑ በረዘመ ቁጥር የራሱን ትዝታ መጠርጠር ጀመረ፤ አድርጌው ረስቼው ይሆን? ሌሎቹ ሁሉ ነበርክ ካሉ፣ እኔ አልነበርኩም የምለው በምን አውቄ ነው? በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸና።

ለዚህ የማስታወስ ጥርጣሬ ስም የሰጠው የዚያው አገር ሰው ነው። ጊስሊ ጉድዮንሰን በወጣትነቱ በሬይኪያቪክ የፖሊስ መርማሪ ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ቦርሳዬን ሰረቀኝ ብላ ከከሰሰችው ጠጪ ሰው ፊት ተቀመጠ። ሰውየው ሰክሮ ስለነበር አያስታውስም፤ እሷ ካለች ሰርቄያለሁ ማለት ነው ብሎ አመነ። ኋላ ሴትየዋ ቦርሳዋን አገኘችው። ስርቆት አልነበረም። ጉድዮንሰን ያንን ሰው አልረሳውም። ለንደን ሄዶ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆነ፤ በ1984 ሰው በጥያቄ ግፊት ምን ያህል እንደሚንሸራተት የሚለካ ፈተና አሳተመ። ፈተናው ቀላል ነው። አጭር ታሪክ ይነበባል፤ ጥያቄ ይከተላል፤ ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ታሪኩ ውስጥ የሌለ ነገር ያዘሉ ናቸው። ከዚያ ፈታኙ ኮስተር ብሎ ብዙ ተሳስተሃል፣ አሁን በደንብ አስበህ መልስ ይላል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንቱን መልሱን እንዳስቀየረችው ይቆጠራል።

የአይስላንዱ ጉዳይ ብዙ ዓመት ተኝቶ በ2011 እንደገና ተከፈተ። በሴፕቴምበር 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስቱን ወንዶች ከግድያው ነጻ አለ። ሁለቱ ያኔ አልነበሩም፤ ሞተዋል። የጠፉት ሁለት ሰዎች የት እንደገቡ እስካሁን አልታወቀም። የቤተሰቦቻቸው ኀዘን ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ሰዎቻቸውን አጡ፣ ቀጥሎ ሰዎቻቸው የት እንደደረሱ ያወቁ መስሏቸው ኖሩ።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ያላደረገ ሰው አድራጊው ብቻ የሚያውቀውን ዝርዝር እንዴት ሊናገር ይችላል? የሕግ መምህሩ ብራንደን ጋሬት በዘረ መል ምርመራ ንጹሕነታቸው የተረጋገጠ፣ ግን አምነው የነበሩ 40 ሰዎችን መዝገብ አገላበጠ። ከሁለቱ በቀር ሁሉም ዝርዝር ነገር ተናግረዋል ተብሎ ተመዝግቧል፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ የክፍሉ ሁኔታ፣ የቁስሉ ቦታ። ሊያውቁት አይችሉም ነበር። ከጥያቄው ውስጥ ነው የሰሙት፤ ካሳዩዋቸው ፎቶግራፍ፣ ከተወሰዱበት ቦታ፣ «አይ፣ እንደገና አስብ» ከሚለው ነው። መርማሪው ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ አይደለም። የሚያውጣጣ መስሎት ሲያስገባ ይውላል፤ መልሶ ሲሰማውም እውነቱ ወጣ ብሎ ደስ ይለዋል። በ1989 ኒው ዮርክ ውስጥ በሴንትራል ፓርክ በተደፈረችው ሴት ጉዳይ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው ልጆች በካሜራ ፊት ያመኑት እንዲህ ነው። ካሜራው የተከፈተው ከሰዓታት ጥያቄ በኋላ፣ ለመጨረሻው ቃል ብቻ ነበር። በ2002 እውነተኛው አድራጊ ተናገረ፤ የዘረ መል ምርመራውም ለእሱ መሰከረ።

ወደ ማስተካከያው ቀድማ የሄደችው እንግሊዝ ናት፤ ይህም ያለ ዋጋ አልሆነም። በ1972 ለንደን ውስጥ በአንድ ግድያ ጉዳይ ሦስት ልጆች አምነው ተፈረደባቸው። አንዱ 18 ዓመቱ ቢሆንም አእምሮው የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። በ1975 ፍርዱ ተሻረ። አጣሪ ዳኛ ተሾመ፣ ንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ1984 አዲስ የፖሊስና የማስረጃ ሕግ ወጣ። በዚያ ሕግ የጣቢያ ምርመራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቴፕ መቀዳት ጀመረ። ፖሊሶች ሥራችን ሊቆም ነው ብለው ፈርተው ነበር። ቴፑ ሲደመጥ የታየው ሌላ ነበር፤ ብዙዎቹ መጠየቅ አያውቁም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣው አዲስ ሥልጠና «ምን ሆነ? ንገረኝ» ብሎ ጀምሮ ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ መስማትን፣ ከዚያ ቃሉን ከማስረጃ ጋር ማመሳከርን ያስተምራል። ስለ ማስረጃ መዋሸት የለም።

የኢትዮጵያ ሕግ በወረቀት ከብዙዎቹ ቀድሞ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ፖሊስ በማስፈራራት ብቻ ሳይሆን በማባበልና ተስፋ በመስጠትም ቃል እንዳይቀበል ይከለክላል። ሪድ መማሪያውን ሊያሳትም ዓመት በቀረው ጊዜ መሆኑ ነው። ማባበል ከዱላ እኩል መቀመጡ ትልቅ ማስተዋል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን እንደማይገደድ፣ ተገዶ የሰጠውም ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ደነገገ። በሁለቱ መሐል ደግሞ ቀይ ሽብር አለ። ያን ጊዜ የታሰሩ ሰዎች «ወፌ ላላ» የሚሉት ነበር፤ እጅና እግር ታስሮ፣ በዘንግ ተንጠልጥሎ፣ የውስጥ እግር መገረፍ። ስም ጥራ ይባላል፤ የሚጠራ ስም የሌለው የጎረቤቱን፣ የክፍል ጓደኛውን፣ የሞተ ሰው ስም ይጠራል። የተጠራው ተይዞ ሲመጣ እሱም ይጠየቃል። አንቀጽ 31 በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አልተሻረም።

ዳረል ፓርከር በ1956 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የሪድ ስም በዚያ ድል ገነነ፤ ድርጅቱም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ መርማሪዎች አሠለጠነ። በ1969 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የፓርከር ቃል በፈቃዱ የተሰጠ አይደለም አለ፤ ክርክሩ ቀጥሎ በ1970 ተፈታ፤ ነጻ ነህ ግን አልተባለም። ወደ አዮዋ ተመለሰ። ግድያው በተፈጸመበት ሰፈር እስረኛ ሆኖ ሲሠራ የነበረና ያን ጊዜም ተጠይቆ የተለቀቀ ዌስሊ ፒሪ የተባለ ሰው በ1978፣ በሌላ ግድያ ሞት ተፈርዶበት ሳለ፣ ለጠበቆቹ የፓርከርን ሚስት የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ነገራቸው። ጠበቆቹ የደንበኛቸውን ምስጢር ይዘው አሥር ዓመት ቆዩ፤ ፒሪ በ1988 ሲሞት ተናገሩ። ሪድ በ1982 አርፏል።

በ1991 ለፓርከር ይቅርታ ተደረገለት፤ ይቅርታ ደግሞ ላጠፋ ሰው የሚሰጥ ነው። እሱ የሚፈልገው እሱን አልነበረም። በ2012 የነብራስካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአደባባይ፣ በግዛቱ ስም ይቅርታ ጠየቀው፤ ያንን ሥራ እንዳልሠራ መንግሥት ተቀበለ፤ 500,000 ዶላር ካሣ ተወሰነለት። ፓርከር 80 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ጠባብ ክፍል ከወጣ 56 ዓመት አልፎታል።